«ነግረውሽ ነበር?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቀበሌያችን አዳራሽ ለወተት ላም አርቢዎች ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። አሠልጣኟ ገና ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ናት። ከማለባችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ግቷን ለብ ባለ ውኃ እጠቡ፣ ለእያንዳንዷ ላም የየራሷን ጨርቅ ያዙ እያለች በትጋት ስታስረዳ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ያልሽው መልካም ነው» አሉ። «ነገር ግን በወንጌል እንደምናውቀው ጌታ ደቀ መዛሙርትህ እጃቸውን አይታጠቡም ብለው የከሰሱትን ፈሪሳውያን ገሥጿቸዋል። ሰውን የሚያረክሰው ከልብ የሚወጣው ነው። እንግዲህ ልባችንን ካጸዳን እጃችን ምን ያደርጋል?»

አዳራሹ ውስጥ ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ልጅቷ ስለ ተህዋስ እንጂ ስለ ወንጌል ጥያቄ ይመጣብኛል ብላ ስላልተዘጋጀች ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዕድሜዬን ሁሉ በማስተማር ስላሳለፍኩ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በዝምታ ማለፍ አልወድም፤ ያን ቀን ግን መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ከእኔ ጋር ቤቴ ገባ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ሁለት ድቅል ላሞች አረባለሁ። አንዷ ቡሬ፣ አንዷ ወለላ ትባላለች። ኑሮዬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። የደብረ ብርሃን ብርድ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ውኃ አሞቃለሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ እታጠባለሁ፣ የቡሬን ግት በራሷ ጨርቅ አጥቤ በደረቅ ጨርቅ አደርቃለሁ። ከዚያ ከአራቱም ጡቶቿ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጥባት ጥቁር ኩባያ ላይ አልባለሁ። ኩባያው ጥቁር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወተቱ ውስጥ እንደ እርጎ ፍርፋሪ ያለ ነገር ካለ በነጭ ዕቃ ላይ አይታይም። ፍርፋሪ ከታየ ጡቷ ታሟል ማለት ነው።

ወተት ከግት ሲወጣ የላሟን ሙቀት፣ 38 ዲግሪ ገደማ፣ ይዞ ይወጣል። ምግቡም ሙቀቱም ስለሚመቻቸው አንዳንድ ተህዋስያን በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከጥፍሬ ሥር አንድ ብቻ ብትገባና ወተቱ ሳይቀዘቅዝ ቢቆይ፣ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ከ4,000 ይበልጣሉ። ይህን ስሌት ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቼው አውቃለሁ። ያኔ ግን ቁጥር ብቻ ነበር።

እናቴ ተህዋስ የሚባል ቃል ሰምታ አታውቅም። ሆኖም ቅሏን በወይራና በጥንጁት ሳታጥን ወተት አታስገባበትም ነበር። ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ የገባ ወተት ቶሎ ይበላሻል፣ ጠረኑም ደስ አይልም ትል ነበር። ጭሱ ተህዋስን እንደሚቀንስ ያወቅሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። እኛ ልጆቿ ቅሉን በፕላስቲክ ጀሪካን ለወጥነው። ጀሪካን አይታጠንም፤ ይቀልጣል። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ አይፈትገውም፣ ውስጡ ሲጫር ደግሞ ወተቱ በጭረቱ ውስጥ ይቀራል። የእናቶቻችንን ጥበብ ጥለን የአዲሱን ዘመን ጥበብ ሳንይዝ መሐል ላይ ቀረን። ገንዘብ አጠራቅሜ አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ዕቃ እስክገዛ ድረስ እኔም ከእነዚያው አንዷ ነበርኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ጊዜው 2015 ዓ.ም.፣ መጋቢት መጨረሻ ነው። እኛ ዐቢይ ጾም ላይ ነን፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ረመዳን ይዘዋል። አንድ ሌሊት የቡሬ ወተት ጥቁሩ ኩባያ ላይ ፍርፋሪ አሳየኝ። የኋላ ግራ ጡቷን ስነካው ይፋጃል። የእንስሳት ሐኪሙ መጣ፣ በጡቷ ቀዳዳ የሚገባ መድኃኒት ሰጠ፣ አገባቡንም አሳየኝ። ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ የመጨረሻው መድኃኒት ከገባ በኋላ 72 ሰዓት ወተቷ ለሰው አይሰጥም። ከታመመው ጡት ብቻ አይደለም፤ ከአራቱም።» አስተምሬው የነበረ ልጅ ነው። አስደገምኩት፤ ደገመልኝ።

ሕክምናው እስኪያልቅ ደፋሁ። የመጨረሻው መድኃኒት ከገባ በኋላም አንድ ቀን ደፋሁ። ቡሬ በቀን 12 ሊትር ትሰጣለች፤ 12 ሊትር ወተት በአንድ ቀን መሬት ላይ ሲፈስ ማየት ቀላል አይደለም። ወተት እንደ በረከት በሚታይበት ቤት ያደገ ሰው እጁ አይታዘዝለትም። የፉርሽካና የፋጉሎ ዕዳ ነበረብኝ። በጾሙ ምክንያት ወተት ገዢው ቀንሶ ስለነበር የቀሩትን ደንበኞቼን ማጣት ፈራሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ ያለብኩትን አልደፋሁትም፤ ከወለላ ወተት ጋር ቀላቅዬ ለሰባት ቤት ቀዳሁ። ከ72 ሰዓት የሚጎድለው ትንሽ ነው፣ ከሌላ ወተት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ይቀልላል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በሚቀጥለውም ጧት እንዲሁ አደረግሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ሕፃን ያላት ወጣት እናት በር ላይ አገኘችኝ። «ቲቸር፣ የእርስዎ ወተት እኮ ልዩ ነው! የተረፈችኝ ትንሽ ወተት ውጭ ውላ አድራ እንኳ አልቆመጠጠችም» አለችኝ። በዚያው ቀን ለአፍጥር እርጎ የሚያረጉት ሙስሊም ጎረቤቴ ደግሞ ግራ ተጋብተው መጡ። «እትዬ፣ ወተቱን እንደ ሁልጊዜው እርሾ ጨምሬ አስቀመጥኩት፤ አልረጋ አለኝ። እጄ ነው ወይስ ምንድን ነው?»

እጃቸው አልነበረም። ወተትን የሚያረጋው ራሱ ተህዋስ ነው፤ ለቡሬ ጡት የተሰጠው መድኃኒት ወተቱ ውስጥ ቀርቶ እሱንም ገደለው። አንዷ አመሰገነችኝ፣ ሌላዋ ራሳቸውን ጠረጠሩ፤ ምክንያቱ ግን እኔ ነበርኩ። ለወጣቷ እናት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብያት ወደ ቤት ገባሁ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያሳፈረኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም። ያ ወተት ወደ ማን እንደሄደ ሳስብ ነው የደነገጥኩት። በዐቢይ ጾም ጤነኛና አዋቂ የሆነ ምእመን ወተት አይቀምስም። ታዲያ በእነዚያ 55 ቀናት በእኛ ሰፈር ወተት የሚጠጣው ማን ነው? ሕፃን ነው። በሽተኛ ነው። አቅሙ የደከመ ሽማግሌ ነው። ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ውሎ በአፍጥር ሰዓት ጉሮሮውን የሚያርሰው ሙስሊም ጎረቤቴ ነው። ጾሙ ጠንካራውን ከወተቱ ያርቅና ደካማውን ብቻ ይተዋል። በዚህ ወቅት የምናጠፋው ጥፋት ሁሉ እነሱ ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ራሴ አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም፤ ጾመኛ ነኝ። ከወተት ጾሜ፣ መድኃኒት ያለበትን ወተት ለሕፃን ሸጥኩ።

ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። እንደ ልማዴ አውቄም ሳላውቅም የሠራሁትን ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ስለ ወተቱ ነገርኳቸውና ሲከብደኝ የከረመውን ጠየቅኋቸው፦ «አባቴ፣ ማንም እንደታመመ አልሰማሁም። ሰው ካልተጎዳ ኃጢአት ይባላል?»

ጥያቄዬን በጥያቄ መለሱት። «ነግረውሽ ነበር?»

«አዎ አባቴ። አስደግሜዋለሁ።»

«እንግዲያውስ የበሬውን ሕግ አስቢ» አሉኝ። በኦሪት ዘጸአት ያለውን ነው። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ በሬው ግን ከዚያ በፊት ተዋጊ መሆኑ ታውቆ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቢቀር፣ ደሙ በባለቤቱ ላይ ነው። ሕጉ የሚመዝነው የበሬውን ቀንድ ሳይሆን የባለቤቱን ጆሮ ነው፤ ሰምቶ ነበር ወይ? ቀጥለውም በኦሪት ዘዳግም ያለውን አነሡልኝ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል፤ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። «ልጄ፣ መከታው የሚሠራው ሰው ከመውደቁ በፊት ነው። ማንም ስላልወደቀ መከታ የሌለው ቤት ትክክል ነው አይባልም።»

ይህ መልስ የአዳራሹን ጥያቄ ጭምር ፈታልኝ። የፈሪሳውያኑ ክርክር ስለ ራሳቸው አፍ ነበር። እጃቸው የሚሄደው ወደ ገዛ አፋቸው ነው፤ መታጠቡም በእግዚአብሔር ፊት ንጹሕ ሆኖ ለመታየት ነበር። የአላቢ እጅ ግን ወደ ራሷ አፍ አይሄድም። ስሙን ወደማታውቀው፣ ከመንደሩ ማዶ ወዳለ ሕፃን አፍ ነው የሚሄደው። ለራሴ ባልታጠብ ስለ ራሴ ነው፤ ለሌላው ሳልታጠብ ባልብ ግን ያ እድፍ ከእጄ የመጣ አይደለም፤ ከልቤ ነው የወጣው። ስንፍና ከልብ ይወጣል። ስስት ከልብ ይወጣል። «ማን ያየኛል» ማለትም ከልብ ይወጣል። አዛውንቱ ልባችንን እንጠብቅ ያሉት ልክ ነበር፤ ልብ የሚጠበቀው ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሞቀ ውኃና በሳሙና ጭምር ነው።

የፈሪሳውያኑ ክርክር ባለበት በዚያው የወንጌል ምዕራፍ ሌላ ነገር አለ። ለአባትና ለእናት ሊሰጥ የሚገባውን ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል እያሉ ወላጆቻቸውን የሚነፍጉ ሰዎች ይወቀሳሉ። ስንት ጊዜ አንብቤው የእኔ ጉዳይ ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያ የመጋቢት ጾሜ እንዲህ ያለ መሥዋዕት ነበር። ለእግዚአብሔር ወተት ተውኩለት፣ ለጎረቤቴ ግን የሚገባትን ነፈግኋት።

በማወቅና ባለማወቅ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አርቢውንም በጅምላ መኮነን አልወድም። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ተመርምሮ ነበር። አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በአንድ ሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ያልበለጠባቸው፣ ማለትም የአውሮፓ ኅብረት ገደብ ውስጥ የሆኑት፣ 9ኙ ብቻ ነበሩ። መርዙ ወደ ወተቱ የሚገባው በመኖ ነው፤ በዋናነት የተጠቀሰውም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ወተቱን ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋውም። እኛ ፋጉሎን የምናውቀው ወተት የሚያበዛ ምርጥ መኖ ብለን ነው። ሻጋታ የነካው ፋጉሎ ሕፃን እንደሚጎዳ ማን ነግሮን ያውቃል? በበሬው ሕግ የጥናቱ ወሬ እስኪሰማ ድረስ ንጹሓን ነበርን።

ወሬው በየሬዲዮው ከተሰማ በኋላ ግን ንጹሓን አይደለንም። ፋጉሎን ከመሬት ከፍ አድርጎ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ የሻገተውን መጣል፣ ሲገዙም ማየትና ማሽተት የእኛ ድርሻ ነው። የሻገተ ፋጉሎ ጥሩ አስመስሎ በሌላ ከረጢት የሚሸጥ ነጋዴም ተነግሮታል። እኔ የማላውቀውን የሚያውቅ ሁሉ፣ ያወቀውን እስካልነገረኝ ድረስ፣ የበሬው ባለቤት እሱ ነው። ሊቃውንቱም ቢሆኑ ጥናታቸውን ወደ በረታችን ሳያደርሱ መጽሔት ላይ ብቻ ቢያስቀሩት ከዚህ ሕግ አያመልጡም።

ሌላም ያስጨነቀኝ ነገር አለ። የወተት መሰብሰቢያው ላይ የብዙ ቤት ወተት አንድ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ይገለበጣል። ሰብሳቢው ወተትና አልኮልን እኩል ቀላቅሎ ይረጋ እንደሆነ ያያል፤ ውኃ የገባበትን በላክቶሜትር ይለያል። መድኃኒት ያለበትን ግን ሁለቱም አይለዩትም። በብርድ ተነሥታ ሁሉን አጥባ ያለበች ሴትና በቆሸሸ ጀሪካን ያመጣ ሰው በሊትር እኩል ይከፈላቸዋል። የእሷ ድካም በእሱ ቸልታ ውስጥ ይጠፋል። ብዙ ሴቶች ተስፋ ቆርጠው «ለምን እደክማለሁ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም። ጥራት ላለው ወተት የተሻለ ዋጋ የማይከፍል መሰብሰቢያ አርቢውን ቸልተኝነት እያስተማረ ነው፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብን። ላሟ ታክማ ካበቃች በኋላ የሚደፋውን የሦስት ቀን ወተት፣ በእኔ ቤት 36 ሊትር፣ ኪሳራ ብቻዋን የምትሸከም ደሃ ሴትም ትፈተናለች። ማኅበራት ለዚህ ቀን የሚሆን ትንሽ መዋጮ ቢያኖሩ፣ ዕድር ለቀብር እንደሚደርሰው ሁሉ፣ ብዙ ፈተና ይቀርላት ነበር።

ንስሐ አባቴ የሰጡኝ ቀኖና ስግደት ብቻ አልነበረም። «ሰባቱም ቤት ሂጂና ንገሪያቸው» አሉኝ። ስግደቱ ቀለለኝ።

ሄድኩ። በየበሩ ቆሜ የሆነውን ተናገርኩ፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት የሸጥኩትንም ገንዘብ መለስኩ። አንዳንዶቹ «ምን ችግር አለው፣ አልታመምንም» ብለው ብሩን አንቀበልም አሉኝ። አስገድጄ ሰጠኋቸው። ያመሰገነችኝ ወጣት እናት ግን ፊቷ ተለወጠ። ልጇ ከዚያ በፊት ፔኒሲሊን ተወግቶ ሰውነቱ ሁሉ አብጦ እንደነበር ነገረችኝ፤ ሐኪም ዳግመኛ እንዳይነካው ብሏታል። ልጁ በዚያ ሳምንት ምንም አልሆነም። እሷ ግን ከእኔ ወተት ማስቀዳት አቆመች። አልተቀየምኳትም፤ ፍርዷ ትክክል ነበር። የኔ በሬ ተዋጊ መሆኑን ነግሬያታለሁ፣ እሷም በሯን ዘጋች።

ሙስሊሟ ጎረቤቴ አስገብተው አስቀመጡኝ። እሳቸው ሲያድጉ የሰሙትን የኸሊፋ ዑመርን ታሪክ ነገሩኝ። ዑመር ሌሊት በመንደሩ ሲዘዋወር አንዲት እናት ለልጇ ወተቱ ላይ ውኃ ጨምሪበት ስትላት ሰማ። ልጅቷ ዑመር ከልክሏል ብላ እንቢ አለች። እናቲቱ ዑመር አሁን የት ያየናል ስትላት፣ ልጅቷ የዑመር ጌታ ያየናል ብላ መለሰች ይባላል። ዑመር ያችን ልጅ ለወንድ ልጁ ዳራት። ጎረቤቴ ይህን ሲነግሩኝ ሊወቅሱኝ አልነበረም። «እትዬ፣ እርስዎም ዛሬ የልጅቱን ነው ያደረጉት፤ ዘግይተው ቢሆንም» አሉኝ። በማግስቱ ማታ ጀበናቸውን ሳይሆን የወተት ዕቃቸውን ይዘው መጡ።

ከዚያ ወዲህ በረቴ ውስጥ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። ላም መድኃኒት ስትወስድ ኋላ እግሯ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ፤ እኔ ታምሜ ሌላ ሰው ቢያልብ እንኳ እንዲያውቅ። የመጨረሻው መድኃኒት የገባበትን ቀንና ሰዓት ግድግዳው ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ጠመኔ መያዝ ለእኔ አዲስ አይደለም።

ወተት የምታስቀዱ እናቶች ሆይ፣ ወተት ቀጂያችሁን «ላምሽ ታክማ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁን አትፈሩ፤ እኛም ስንጠየቅ አንቀየም። እርጎው አልረጋ ሲላችሁም እጃችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት ወደ እኛ ኑ። ወተቱንም ሳታፈሉ ለልጅ አትስጡ።

ይህን በምጽፍበት ሳምንት ወለላ ጡቷን ታማለች። ቀዩ ጨርቅ እግሯ ላይ ነው፣ ግድግዳው ላይም ሰዓቱ ተጽፏል። ጨርቁ የሚፈታው ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው።